የሱስ ሕክምና ከመድኃኒት ባሻገር፦ የኢራን ተሞክሮ ምን ያስተምራል?

በቴህራን ደቡባዊ ሠፈሮች በሚገኙ የሱስ ሕክምና ክሊኒኮች የዕለቱ ሥራ የሚጀምረው በማለዳ ነው። የቀን ሠራተኛው ወደ ግንባታ ቦታው፣ ሾፌሩ ወደ ታክሲው፣ ነጋዴው ወደ ሱቁ ከመሄዱ በፊት በነርሷ መስኮት ፊት ይሰለፋል። ተራው ሲደርስ ስሙ ከመዝገብ ላይ ይታያል፤ በትንሽ ኩባያ የተለካ የሜታዶን ሽሮፕ ይሰጠዋል፤ ነርሷ እያየችው ይጠጣል፤ ሰላምታ ተለዋውጠው ይለያያሉ። ይህ ሁሉ ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ የቀኑ ቀሪ ሰዓታት ይጠብቁታል። የቀድሞ ጓደኞቹ የሚቀመጡበት ጥግ፣ ያልተከፈለው ዕዳ፣ ፊቱን ያዞረበት ወንድሙ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ጸጸት በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ አሉ።

መድኃኒቱ ሰውነትን ያረጋጋል። ሕይወትን እንደገና ማቅናት ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ሐኪሞች ይህን ሌላውን ሥራ የምክክር አገልግሎትና የአቻ ድጋፍ ይሉታል። ለመሆኑ እነዚህ ሁለቱ ከመድኃኒቱ ጎን ምን ያህል ይጠቅማሉ? አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ ይችላልን? በአካባቢያችን ይህን ጥያቄ ከማንም በፊት በሰፊው የተጋፈጠችው አገር ኢራን በመሆኗ፣ ተሞክሮዋን መመልከቱ ጠቃሚ ነው።

ከቅጣት ወደ ሕክምና

ኢራን የኦፒየም ምርት መናኸሪያ ከነበረችው አፍጋኒስታን ጋር ረዥም ወሰን ትጋራለች። ኦፒየም በአገሪቱ ውስጥ ለዘመናት የታወቀ ሲሆን፣ ለሕመም ማስታገሻነት በየቤቱ ይቀመጥ ነበር። መንግሥታትም በተለያየ ጊዜ የተለያየ መንገድ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1955 የኦፒየም ተክል ማልማት ተከለከለ። በ1969 ደግሞ ውስን ልማት እንደገና ተፈቅዶ፣ የተመዘገቡ አረጋውያንና ሕሙማን በኩፖን ኦፒየም እንዲያገኙ ተደረገ። ከ1979 አብዮት በኋላ ይህ አሠራር ቀርቶ ጠንካራ ቅጣት ተተካ። ሱሰኛው እንደ ወንጀለኛ ታየ፤ እስር ቤቶችም ሞሉ።

ውጤቱ ግን የተጠበቀው አልሆነም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በእስር ቤቶች ውስጥ በጋራ መርፌ አማካይነት የኤች አይ ቪ ቫይረስ መሠራጨቱ ታወቀ። በምዕራብ ኢራን በምትገኘው በኬርማንሻህ ከተማ ሁለት ወንድማማች ሐኪሞች የመሩት አገልግሎት ሱስን፣ ኤች አይ ቪንና የአባላዘር በሽታዎችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማከም ጀመረ። ሦስቱን በአንድነት ስለያዘ «የሦስትዮሽ ክሊኒክ» ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅትም አሠራሩን በአርአያነት ጠቀሰው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የሜታዶን ሕክምና በሙከራ ደረጃ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ በእስር ቤቶች ውስጥ ሳይቀር ተሠራበት። በ2005 የወቅቱ የፍትሕ አካል ኃላፊ አያቶላህ ሻህሩዲ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎች ሜታዶንና ንጹሕ መርፌ የሚያቀርቡ አገልግሎቶችን እንዳያደናቅፉ የሚያሳስብ መመሪያ አወጡ። ዛሬ በመላ አገሪቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈቃድ ያላቸው የሕክምና ማዕከላት አሉ።

ችግሩ ጠፍቷል ማለት አይደለም። በ2017 የአገሪቱ ባለሥልጣናት ባወጡት አኃዝ መሠረት ዕፅን አዘውትረው የሚጠቀሙ ሰዎች ቁጥር 2.8 ሚሊዮን ደርሷል። የተለወጠው ጉዳዩ የሚታይበት ዓይን ነው። ትናንት ወደ ወኅኒ ብቻ ይነዳ ከነበረው ሰው ብዙው ዛሬ ወደ ክሊኒክ የሚሄድበት መንገድ ተከፍቶለታል።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

ኦፒየም፣ ሄሮይን፣ ሞርፊን፣ እንዲሁም ትራማዶልን የመሳሰሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ሁሉ በአንጎል ውስጥ በሚገኙ አንድ ዓይነት ተቀባዮች ላይ የሚያርፉ ናቸው። ሰውነት ሲለምዳቸው መጠኑ ይጨምራል፤ ሲቋረጡ ደግሞ ላብ፣ ብርድ፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቁርጥማትና ዕረፍት የለሽ ጭንቀት ይከተላል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ዕፁን የሚፈልገው ለደስታ አይደለም፤ ከሥቃይ ለማምለጥ ነው።

ሜታዶን በ1930ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የተፈጠረ መድኃኒት ነው። ለሱስ ሕክምና ያዋሉት ግን በ1960ዎቹ አጋማሽ በኒው ዮርክ የነበሩት ሐኪሞች ቪንሰንት ዶልና ማሪ ኒስዋንደር ናቸው። ሜታዶን በእነዚያው ተቀባዮች ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ረዥም ሰዓትም ይቆያል። በትክክለኛ መጠን የሚወስደው ሰው በቀን አንድ ጊዜ ጠጥቶ፣ ሳይሰክርና ሳይንቀጠቀጥ ሥራውን ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው መድኃኒት ቡፕረኖርፊን ከምላስ ሥር የሚሟሟ ሲሆን፣ ተቀባዮቹን በከፊል ብቻ ስለሚያነቃቃ ትንፋሽን የማፈን አደጋው አነስተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁለቱንም በ2005 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አካቷቸዋል።

ጥቅማቸውን በግልጽ የሚያሳየው መለኪያ ሞት ነው። በ2017 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ያሳተመውና ከ120 ሺህ በላይ የሜታዶን ታካሚዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት እንዳሳየው፣ በሕክምና ላይ ካሉ 1,000 ሰዎች በዓመት 11 ያህሉ ሲሞቱ፣ ሕክምናውን ካቋረጡት 1,000 መካከል ግን 36 ያህሉ ሞተዋል። በተለይ አስጊ ሆነው የተገኙት ካቋረጡ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ዕፁን ለተወሰነ ጊዜ የተወ ሰው ሰውነቱ የቀድሞውን መጠን የመሸከም አቅሙን ያጣል። ከእስር ወይም ከማገገሚያ የወጣ ሰው በአንድ ክፉ ቀን የድሮውን መጠን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ስለዚህ «አንድ ወር ዘግተንበት ከቆየ ይድናል» የሚለው የብዙ ቤተሰብ እምነት በበጎ ልብ የተያዘ ቢሆንም አደገኛ ነው።

ምክክር ሲታከልበት

ይህን ያህል ካደረገ ታዲያ መድኃኒቱ ብቻውን ለምን አይበቃም? በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ የሚጠቀሰው በ1993 የታተመው የፊላደልፊያ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ሜታዶን የጀመሩ 92 የጦር ሠራዊት ተሰናባቾችን በሦስት ቡድን ከፍለው ለስድስት ወራት ተከታተሉ። የመጀመሪያው ቡድን መድኃኒቱን ብቻ አገኘ። ሁለተኛው መደበኛ ምክክር ተጨመረለት። ሦስተኛው ከምክክሩ በተጨማሪ የአእምሮ ሕክምና፣ የሥራና የቤተሰብ ጉዳይ ድጋፍ ተደረገለት። መድኃኒት ብቻ ከተሰጣቸው ጥቂቶቹ ቢሻሻሉም፣ አብዛኞቹ ዕፅ መጠቀማቸው ስላልቆመ ወይም አጣዳፊ ችግር ስለገጠማቸው ወደ ተሻለ ድጋፍ መዛወር ግድ ሆነባቸው። ምክክር ያገኙት የተሻሉ ሆኑ፤ ሁሉንም ድጋፍ ያገኙት ደግሞ ከሁሉም በለጡ።

ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ሁሉ ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። በ2006 እና በ2011 በአሜሪካ በቡፕረኖርፊን ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ሁለት የታወቁ ጥናቶች፣ ከሐኪሙ መደበኛ ክትትልና ምክር በላይ የተጨመረ ረዘም ያለ ምክክር ጉልህ ልዩነት እንዳላመጣ አሳይተዋል። በሁለተኛው ጥናት ከ653 ተሳታፊዎች መካከል በመድኃኒቱ ላይ ሳሉ ግማሽ ያህሉ ሲሳካላቸው፣ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ከቆመ በኋላ ግን ከአሥር አንዱ እንኳ አልጸናም። ምክክሩ የመድኃኒቱን ቦታ ሊተካ አልቻለም።

እነዚህ ውጤቶች የሚጋጩ ቢመስሉም በጥሞና ሲታዩ አንድ ነገር ይናገራሉ። በኋለኞቹ ጥናቶች መድኃኒት «ብቻውን» የተሰጠው ሰው አልነበረም። ሁሉም ስማቸውን የሚያውቅ፣ በየጊዜው የሚያናግራቸው፣ እንደ ሰው የሚያዳምጣቸው ሐኪም ነበራቸው። ያ ደግሞ ራሱ የምክክር መጀመሪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው መመሪያም ይህንኑ መካከለኛ መንገድ ይከተላል። የሥነ ልቦናና የማኅበራዊ ድጋፍ ለእያንዳንዱ ታካሚ ይቅረብ፤ ነገር ግን ምክክር አልፈልግም ያለ ሰው መድኃኒቱን አይከልከል ይላል። ምክክሩን የማያልፉት ኬላ ማድረግ፣ መጥቶ የነበረውን ሰው ወደ ጎዳናው መመለስ ይሆናል።

በኢራን አሠራር አንድ የሜታዶን ክሊኒክ ሐኪም፣ ነርስና የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲኖሩት ይጠበቃል። በምክክር ክፍል ውስጥ የሚደረገው ነገር ብዙዎች እንደሚያስቡት ተግሣጽ አይደለም። ባለሙያው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን ጀመርክ?» ሳይሆን «በቀኑ ውስጥ ፍላጎቱ የሚበረታብህ መቼ ነው?» የሚለውን ነው። ደመወዝ የተቀበለበት ቀን፣ ከሚስቱ ጋር የተጣላበት ምሽት፣ የቀድሞው ጓደኛ ስልክ የደወለበት ሰዓት ተለይቶ ይወጣል። ለእያንዳንዱም አስቀድሞ መልስ ይዘጋጃል። በዚያ መንገድ አላልፍም፤ ገንዘቡን ለእናቴ እሰጣለሁ፤ ስልኩን አላነሣም። አንድ ቀን ቢሸነፍስ? ውድቀቱን ደብቆ ከመጥፋት ይልቅ በማግሥቱ ተመልሶ እንዲናገር ይለማመዳል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ክፍል ውስጥ የዕለት ተዕለት ሕግ ነው።

በዚያው መንገድ ያለፈ ሰው

ባለሙያው የማይችለው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም «እኔም በዚያ ነበርሁ» ማለት ነው። የአቻ ድጋፍ ኃይል ያለው በዚህች አጭር ቃል ውስጥ ነው። «ናርኮቲክስ አኖኒመስ» የሚባለው የማገገም ማኅበር በ1953 በካሊፎርኒያ ተመሠረተ። ዛሬ ከአሜሪካ ውጭ እጅግ ሰፊ ከሆነባቸው አገሮች መካከል ኢራን ትገኛለች። አባላቱ በአዳራሾችና በሕዝብ መናፈሻዎች ይሰበሰባሉ። በስማቸው የመጀመሪያ ክፍል ብቻ ይጠራራሉ፤ ማንም ማንንም አያቋርጥም፤ አዲስ የመጣ ሰው ቀደም ብሎ ያገገመ መሪ ይመርጣል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ፍላጎቱ ሲነሣበት ስልክ የሚያነሣለት ያ ሰው ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ብቻውን የተሸከመውን ኀፍረት ከብዙዎች ጋር ሲካፈለው ይቀልለታል።

ከዚሁ ጎን ኢራናውያን ራሳቸው የመሠረቱት «ኮንግረስ 60» የተባለ ማኅበርም አለ። በዚህ ማኅበር ያገገመ ሰው አዲስ ለመጣው መካሪ ይሆናል፤ ታካሚውም የኦፒየም ፈሳሽ መድኃኒት እየተሰጠው መጠኑ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በየደረጃው ይቀነስለታል። ስፖርትና የቤተሰብ ትምህርት የሥርዓቱ አካል ናቸው። መድኃኒትንና የአቻ ድጋፍን በአንድነት ለማስኬድ የተደረገ የአገር ውስጥ ሙከራ ነው።

በሴቶች ዘንድ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ሱስ ያለባት ሴት ከወንዱ እጥፍ ኀፍረት ትሸከማለች፤ ልጆቿን እነጠቃለሁ ብላ ትፈራለች፤ ወንዶች በሚበዙበት ክሊኒክ መሰለፍም አይሆንላትም። በቴህራን ደርቫዜ ጋር ሠፈር «ኻኔ ኾርሺድ» ማለትም «የፀሐይ ቤት» የተባለው የሴቶች ማዕከል የተቋቋመው ይህንኑ ተገንዝበው በተነሡ ሴት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያዎች ነው። ትኩስ ምግብ፣ ምክርና ሕክምና በአንድ ቤት መቅረባቸው፣ ሴቲቱ ሳትሸማቀቅ ደጃፉን እንድትረግጥ አስችሏል።

«ንጹሕ» የሚባለው ማን ነው?

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ቅራኔ አለ። በብዙ የማገገም ማኅበራት ዘንድ «ንጹሕ» የሚባለው ማንኛውንም የኦፒየም ዓይነት መድኃኒት የማይወስድ ሰው ብቻ ነው። በሜታዶን ላይ ያለ ሰው መገኘት ቢፈቀድለትም፣ በአንዳንድ ቡድኖች ተነሥቶ ምስክርነት እንዲሰጥ አይፈቀድለትም። ያገገመባቸውን ወራትም አይቆጥሩለትም። በዚህም ምክንያት ታካሚው ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል። ወይ መድኃኒቱን ይደብቃል፤ ወይ በወንድሞቹ ፊት ሙሉ ሰው ለመሆን ሲል በድንገት ያቋርጠዋል። ሁለተኛው ምርጫ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ከላይ ያየነው የሞት አኃዝ ይናገራል።

በተቃራኒው በኩል ጥፋት የለም ማለትም አይደለም። ሽሮፑን ሸጦ ገንዘብ ከመቀበል በቀር ታካሚውን ቀና ብሎ የማያይ ክሊኒክ፣ ምክክሩን በወረቀት ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ ማዕከል ሲኖር፣ «ሜታዶን ሌላ ሱስ ነው» የሚለው ትችት ጆሮ ያገኛል። ቤት የተወሰደ ሜታዶንም በጥንቃቄ ካልተቆለፈ ሕፃናትን ይመርዛል። ስለዚህ መፍትሔው መድኃኒቱን መኮነን አይደለም። መድኃኒቱ በሚሰጥበት ቦታ ሰውን ማስቀመጥ ነው። በበርካታ አገሮች ክሊኒኮች ራሳቸው በመድኃኒት ላይ ሆነው የተረጋጉ ሰዎችን አሠልጥነው የአቻ ደጋፊ አድርገው መቅጠር ጀምረዋል። አዲሱ ታካሚ በመስኮቱ ፊት ቆሞ ሲያመነታ፣ «ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሥራ አለኝ፤ ልጆቼም ተመልሰውልኛል» የሚለው ሰው ከነርሷ አጠገብ ተቀምጦ ያገኘዋል። በሱስና በቋሚ ሕክምና መካከል ያለውን ልዩነት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ትምህርት የለም። የስኳር ሕመምተኛ ኢንሱሊን በመውሰዱ ሱሰኛ እንደማይባል ሁሉ፣ በሐኪም ትእዛዝ የተረጋጋ ሰውም በዚያ ስም ሊጠራ አይገባውም።

በእምነታችን ሚዛን

አንድ ሙስሊም ታካሚ ወደ ክሊኒክ ከመግባቱ በፊት ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቀው ጥያቄ «ይህስ ሐራም አይደለምን?» የሚለው ነው። አስካሪና አደንዛዥ ነገር የተከለከለ መሆኑ አያጠያይቅም። ሕክምና መሻት የተፈቀደ መሆኑም እንዲሁ። የፊቅህ ሊቃውንት ግድ የሚልን ሁኔታ «ዶሩራ» ብለው የያዙበት፣ ከሁለት ጉዳቶች መካከል ቀላሉ እንዲመረጥ ያስቀመጡት መርህ ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚያገለግል ነው። በአንድ በኩል በሐኪም የተመጠነ፣ አእምሮን የማያሰክር መድኃኒት አለ። በሌላ በኩል የተመረዘ መርፌ፣ እስርና ድንገተኛ ሞት አለ። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ታላላቅ ዓላማዎች አንዱ በመሆኑ፣ የሚያመነታ ሰው ከሚያምነው ዓሊምና ከሐኪሙ ጋር በግልጽ ሊነጋገር ይገባል።

በረመዷንም መንገድ አለ። የሜታዶን ኃይል ከ24 ሰዓት በላይ ስለሚቆይ፣ የረጋ ታካሚ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ መጠኑን ከኢፍጣር በኋላ ወደሚወስድበት ሰዓት ሊያዛውር ይችላል። አደጋው ያለው ሳይማከሩ ለጾም ብሎ በማቋረጥ ላይ ነው። ተውበት ማለት ወደ ቀናው መንገድ መመለስ ከሆነ፣ ያንን መመለስ የሚያግዝ ሕክምናን ከተውበቱ ለይቶ ማየት አይገባም። መስጂዶችም የበኩላቸው ድርሻ አላቸው። ያገገመውን ሰው ከሶፉ ጫፍ ሳይገፉ በመካከላቸው የሚያቆሙ ምእመናን፣ ሳያውቁት የአቻ ድጋፍ እየሰጡ ነው።

ለአንባቢዎቻችን

ጉዳዩ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ሩቅ አይደለም። ለወገብ ሕመም ወይም ለድካም ተብሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚሰጠው ትራማዶል የኦፒየም ቤተሰብ ነው። ሱስ ያስይዛል፤ በብዙ የአካባቢው አገሮችም ያለ ሐኪም ማዘዣ መያዙ በሕግ ያስጠይቃል። ከአገር ቤት ሲመጡ ለሰው አድርሱ ተብሎ የሚሰጥን ኪኒን ሳያውቁ መያዝ ለእስር ሊዳርግ ይችላል።

አስቀድሞ የተያዘ ሰው ግን በሩ አልተዘጋበትም። በሳዑዲ ዓረቢያ በሪያድ፣ በጅዳና በደማም በአል-አማል ስም የተቋቋሙት ሆስፒታሎች፣ በአቡ ዳቢ ደግሞ በ2002 የተመሠረተው ብሔራዊ የማገገሚያ ማዕከል ለዚሁ ሥራ የቆሙ ናቸው። የሁለቱም አገሮች ሕጎች በገዛ ፈቃዱ ለሕክምና የቀረበን ሰው በመጠቀሙ ምክንያት ላለመክሰስ የሚያስችሉ ድንጋጌዎች አሏቸው። ለመኖሪያ ፈቃዱ የሚሰጋ ሰው ከመቅረቡ በፊት ሕግ አዋቂ ቢያማክር መልካም ነው።

ቤተሰብና ጓደኛም ጥቂት ነገሮችን ልብ ሊሉ ይገባል። ሱስ የያዘውን ሰው ክፍል ዘግቶ በድንገት ማስተው አደገኛ ነው። ሕክምና የጀመረውን ሰው «መቼ ነው የምትተወው?» እያሉ ማጣደፍ አይጠቅመውም፤ የማቆሙ ጊዜ የሚወሰነው ከሐኪሙ ጋር ነው። መጠን ያለፈበት ሰው ትንፋሹ ሲቀንስ፣ ከንፈሩ ሲጠቁር፣ ሲጠሩት አልነቃ ሲል በአስቸኳይ ለአምቡላንስ መደወል ያስፈልጋል። ናሎክሶን የሚባለው ማርከሻ በጊዜው ከደረሰ ትንፋሹን ሊመልስ ይችላል።

የኢራን ሁለት ዐሥርት ዓመታት ተሞክሮ በአጭሩ የሚነግረን ይህንኑ ነው። መድኃኒቱ ሰውየውን በሕይወት ያቆየዋል። መካሪው የሚጓዝበትን መንገድ እንዲለይ ያግዘዋል። በዚያው መንገድ ያለፈው ወንድሙ ደግሞ አብሮት ይሄዳል። ከሦስቱ አንዱን ለማጉላት ሌላውን ማንኳሰስ የሚጎዳው በነርሷ መስኮት ፊት በማለዳ የቆመውን ሰው ነው። እርሱ ሽሮፑን ጠጥቶ ሲወጣ ከደጃፉ ውጭ የሚያገኘው ሰው ማን እንደሚሆን፣ ሕክምናው ከሚወስነው ባልተናነሰ ሁኔታ እኛ እንወስነዋለን።